ስልኩ ሳይመጣ ልጆቹ ከመንገድ ጠፍተው ነበር

የልጆች ጨዋታ ጠፋ በተባለ ቁጥር ጣት ሚቀሰረው ስልክ ላይ ነው። ልጁ ስክሪን ላይ ተተክሎ ይውላል፣ ድሮ ቢሆን ውጪ ነበር፣ ድሮ ልጆች ከጨርቅና ከጭቃ መጫወቻቸውን ራሳቸው ይሰሩ ነበር ምናምን። ስክሪኑን ነጻ ላወጣው አይደለም፣ ግን ዓመቶቹን ስታዩ ክሱ አይገጥምም። አይፎን የወጣው በ2007 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ አይፓድ ደግሞ በ2010። እንግሊዝ ውስጥ ማየር ሂልማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናው ጥናት ግን ነገሩ ከዛ በጣም ቀድሞ እንደተበላሸ ነው ሚያሳየው። በ1971 የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች 80 በመቶ ያህሉ ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፣ በ1990 ግን 9 በመቶ ብቻ። በ1990 እኮ ስማርትፎን የሚባል ነገር የለም፣ ጌም ቦይ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ራሱ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ገና ዓመቱ ነበር። ወላጆቹ ለምን ብቻቸውን አትለቋቸውም ሲባሉ በዋናነት ያነሱት መኪና ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት የከተማ ልጅ ሜዳው መንገዱ ነበር፣ ብዩም ሰኞ ማክሰኞውም ድብብቆሹም እዛው። መኪና እየበዛ ሲመጣ ኒውዮርክ ገና በ1914 አንዳንድ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግታ ለልጆች መጫወቻ ማድረግ ጀምራለች፣ ማለትም ችግሩ ያኔም ታይቷል። ከዛ በኋላ ግን ቀስ በቀስ መንገዱ የመኪና ነው የሚለው ሀሳብ አሸነፈ፣ ልጁ ወደ ግቢ ከዛ ወደ ሳሎን ከዛ ወደ መኝታ ቤት ተገፋ፣ ስልኩ ሲመጣ ያገኘው ቀድሞውኑ ቤት የተዘጋበትን ልጅ ነው። (ድሮ ሁሉ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም፣ ያኔ በፋብሪካና በእርሻ ጉልበቱ ሲበዘበዝ የሚውል ልጅ ስንት ነበር።)

መጫወቻውን ራሱን እንየው ካልን ደግሞ ሚገርመው የአንድ ድንች ነገር ነው። በ1952 አሜሪካ ውስጥ ሚስተር ፖቴቶ ሄድ የሚባል መጫወቻ ወጣ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ባርኔጣ ብቻ ነው፣ ጭንቅላቱን ልጁ ከኩሽና እውነተኛ ድንች አምጥቶ ይሰካበታል፣ ድንች ካጣ ካሮትም ይሆናል። በ1964 ግን የፕላስቲክ ድንች አብሮ ይሸጥ ጀመር። ምክንያት ነበረው፣ እውነተኛው ድንች ይበሰብሳል፣ ጫፋቸው የሾለ ነገሮችም ለልጅ አደገኛ ናቸው ተባለ፣ እሺ ልክ ነው፣ ግን ልጁ ራሱ ሚጨምራት ያቺ ነገር በዛው ቀረች። ይሄው መጫወቻ ደግሞ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተሰራለት የመጀመሪያው መጫወቻ ነው ይባልለታል። እስከዛ ድረስ ነጋዴው በአብዛኛው ሚያወራው ከወላጅ ጋር ነበር፣ ከዛ በኋላ ቀጥታ ከልጁ ጋር ማውራት ጀመረ፣ ወላጅ ከፋይ ብቻ ሆነ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ለልጆች ፕሮግራም የነበሩትን የማስታወቂያ ገደቦች ስታላላ ጭራሽ መጫወቻው ቀድሞ ተሰርቶ ካርቱኑ ለሱ ማሻሻጫ ሚሰራበት ደረጃ ተደረሰ። የጨርቅ አሻንጉሊት ጠዋት ንግስት ከሰዓት በሽተኛ መሆን ትችላለች፣ ካርቱን ያለው አሻንጉሊት ግን ስሙም ጠላቱም ሚናገረውም ተዘጋጅቶለት ነው ሚመጣው። ልጆች ደግነቱ ብዙም አይታዘዙም፣ ያንን ጡንቻ በጡንቻ የሆነ ጀግና እቃቃ ውስጥ አስገብተው ሻይ ሲያስቀዱት ታያላችሁ።

ሌጎ የሚባለው ተሰካክቶ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል ዴንማርካዊ አናጢ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መስራት ጀመረ፣ አሁን የምናውቃት ጡብ በ1958 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ተጠየቀላት። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። አሁን ግን ብዙው ሚሸጠው ሳጥኑ ላይ የተሳለውን አንድ ነገር እንድትሰራበት ነው፣ መመሪያውን ገፅ በገፅ ተከትለህ ትጨርስና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ እንዳይፈርስ ደግሞ ልጁ እንዳይነካው ይከለከላል! ከ915 ሚሊዮኑ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሁሉም ለውጥ ግን ኪሳራ አይደለም። ባርቢ በ1959 ስትወጣ ለሴት ልጅ ሚገዛው አሻንጉሊት በአብዛኛው ህፃን ነበር፣ ልጅቷ ያላት ድርሻ እናት መሆን ነው። የባርቢ ፈጣሪ ሩት ሃንድለር ግን ልጇ ባርባራ የወረቀት አሻንጉሊቶችን ትልልቅ ሰው አድርጋ ስትጫወት አይታ ነው ሀሳቡ የመጣላት። ስለ ባርቢ ወገብ ሚባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሀሳቡ ከልጅቷ ጨዋታ ነው የመጣው።

ለዛም ነው ስክሪን መጥፎ እንጨት ጥሩ የሚለው ክፍፍል ማይዋጥልኝ። በ2011 ሙሉ ሆኖ የወጣው ማይንክራፍት የሚባል የኮምፒውተር ጌም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ከምንም ተነስቶ ከተማ ሚገነባ ልጅ፣ መመሪያ ተከትሎ የሌጎ መርከብ ከሚገጣጥመው ልጅ ይልቅ ወደ ድሮው ጨዋታ ይቀርባል ባይ ነኝ። ጥያቄው ጨዋታውን ማን ነው ሚያዘው ነው፣ ልጁ ወይስ ሳጥኑ። አዋቂ ያዘጋጀው አሰልጣኝና ሰዓት ያለው ስፖርትም እንዲሁ ነው፣ ለጤና ጥሩ ነው ግን ህጉን ልጆቹ ተጨቃጭቀው አያወጡትም፣ ያ ጭቅጭቅ ደግሞ ለኔ ግማሹ ጨዋታ ነው።

ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ይሄን ቀድሞ ገብቶታል። ልጆች እሱ አሳምሮ ከሰራላቸው ሜዳ ይልቅ ቁርጥራጭ እንጨትና ድንጋይ የተከመረበት ቦታ እንደሚመርጡ አየ። በ1943፣ ሀገሩ በጀርመን ተይዛ እያለ፣ ኮፐንሃገን ኤምድሩፕ ሰፈር ውስጥ በሱ ሀሳብ የቁርጥራጭ መጫወቻ ሜዳ ተከፈተ፣ እንጨት፣ ጡብ፣ ገመድና የስራ እቃ አለ፣ ቀሪውን እናንተ ታውቃላችሁ ነው ነገሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሀሳቡ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በቦምብ በፈረሱ ቦታዎች ላይ እንደዚህ አይነት ሜዳዎች ተከፈቱ። ዛሬ ያንን የሚፈቅድ ከተማ ስንት አለ? የህፃናት መብት ስምምነት በ1989 ሲፀድቅ አንቀፅ 31 ላይ የመጫወት መብት ተፅፏል፣ አብዛኛው የአለም መንግስት ፈርሞታል፣ መንገድ ሲሰፋ ግን ማንም አያነሳውም።

እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ በ2009 ወላጆች የጀመሩት ነገር አለ፣ ጎረቤቶች ተስማምተው ያሉበትን መንገድ ለሁለትና ሶስት ሰዓት ለሚያልፍ መኪና ይዘጋሉ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያንፀባርቅ ሰደሪያ የለበሱ ጎረቤቶች ይቆማሉ፣ የነዋሪ መኪና ከመጣ በእግር ፍጥነት ያሳልፉታል፣ በቃ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቅዶላቸው ሌሎች ከተሞችም ተከትለዋል። ለልጄ ምን ልግዛለት ብሎ ሚጨነቅ ሰው ገንዘቡን ይያዝና በሚቀጥለው እሁድ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለዚህ ነገር ያውራ፣ ሹፌሮች ይበሳጫሉ፣ ይበሳጩ፣ እነሱ ዞረው መሄድ ይችላሉ።