ይቀመጡ እትዬ

የጅማ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለባለሥልጣን አይደለም፣ ለተወካያችንም አይደለም። ክረምት ላይ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ለነበርነው ነው። ያልነበራችሁትም ብትኖሩ ኖሮ ከእኛ የተለየ ታደርጉ ነበር ብዬ ስለማላምን እናንተንም ይመለከታል። ይረሳኛል ብዬ ወራት ጠበቅኩ። አልረሳ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ሲዘጋ አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ። የእኛም ነሐሴ ላይ መጡ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ማይኩ እንኳ አልቻለውም። ከአጂፕ በእግሬ መጥቼ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኗል። በር ላይ ስማችንን አስመዘገብን፣ አንዳንድ ሃይላንድ ውሃ ተሰጠን፣ ገባን። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሪፖርት ተነበበ። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ይህን ያህል ችግኝ፣ ይህን ያህል በመቶ አፈጻጸም። ከፊቴ ያለው ሰውዬ አንቀላፍቷል። ከኋላዬ ያሉት ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ። እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያን ቀን እንዴት እንደተቀመጥን እንድታስታውሱት ነው።

ከዚያ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። ሦስት አራት ሰው ተነስቶ አመሰገነ። አንዱ ስለ መብራት ጀመረና መሃል ላይ ወደ ምስጋና ዞረ።

ከጎኔ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። በሰፈራችን ትንሽ ትልቁ እትዬ ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ 31 ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ሠርተዋል። እጃቸውን ያወጡት ከሁሉ በፊት ነው፣ መድረኩ ግን ዓይኑ አላረፈባቸውም። በመጨረሻ ሳይፈቀድላቸው ተነሱ። ማይክ ያመጣላቸው የለም። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ጠየቁ። ቀጥለው ያንኑ በአማርኛ ደገሙት፣ ሁሉም እንዲሰማው። ስለዚህ አልገባኝም የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው።

ቃል በቃል ማለት ይቻላል እንዲህ አሉ፦

«እኔ 31 ዓመት ንብረት ክፍል ነበርኩ። አንድ ካርቶን ጠመኔ ሲገባ በሞዴል 19 ነው የምቀበለው። ሲወጣ በሞዴል 22 ነው የማወጣው። አንድ ዓመት ቆጠራ ላይ ሁለት ደስጣ ወረቀት ጎደለ ተብዬ ከደመወዜ ተቆርጧል። አልከፋኝም፣ የመንግሥት ንብረት ነው። እርስዎ ደግሞ ሰኔ ላይ ለ1.93 ትሪሊዮን ብር በጀት እጅዎን አውጥተዋል። እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት ምን ብለው ጠየቁ? ሁሉንም አልልም። አንድ ብቻ ይንገሩን። ለእኛ ብለው የጠየቁትን አንድ ጥያቄ።»

አዳራሹ ለአፍታ ጭጭ አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ያቺን አፍታ እስከ ዛሬ እያሰብኩ አዝናለሁ። ምክንያቱም ተወካያችን ወረቀታቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው ነበር። ሊመልሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። መልስ ይኖራቸው ይሆናል፣ አይኖራቸውም ይሆናል፣ ግን የእትዬን ፊት እያዩ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከኋላ ሳቅ የተሰማው። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ ሳቀ። «ይቀመጡ እትዬ!» አለ አንዱ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል!» አለ ሌላው። መድረክ መሪው ይህን ሲያይ ልብ አገኘ። «ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው፣ በጽሑፍ ያቅርቡ» አለ። እትዬ «አጀንዳው ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ። እንደገና ሳቅ። ከዚያ አንድ እጅ ነጠላቸውን ይዞ ወደ ታች ጎተተ። ነጠላው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወደቀ። እሱን ለመሰብሰብ ጎንበስ ሲሉ ማይኩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰውየውም አመሰገነ።

ነጠላቸውን የጎተትኩት እኔ ነኝ።

ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ምን አሳቀን? እስቲ ንገሩኝ። አንዲት እናት በልጅነታችን ጠመኔና ደብተር የቆጠሩልን፣ ገንዘባችንን የት አደረሳችሁት ብለው ስለጠየቁ ነው የሳቅነው? የገበያ ዘንቢል ይዛ የመጣች ልጅ መልሱን ሳታስቆጥር ብትሰጠን አንቆጣም? ሂርማታ ገበያ ላይ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሚዛን ስንት እንደምንጣላ ረሳነው?

የጠየቁት ደግሞ ከአጀንዳ ውጪ አልነበረም። ተወካያችን ለዚያ ወንበር የተመረጡበት ዋናው ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ አስፈጻሚውን የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ስለ ማንኛውም የአስፈጻሚው ሥልጣን ጉዳይ ይወያያል፣ እርምጃም ይወስናል። በጀቱ ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነስቶ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ፣ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት እነሱ ፊት የሚቀርበው እንዲጠይቁበት ነው። ገንዘቡ ወጪ ከሆነ በኋላ ደግሞ ዋና ኦዲተር የምርመራ ሪፖርቱን ይዞ እዚያው ይቀርባል። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ መመሪያ ያልተከተለ ክፍያ እያለ ይዘረዝራል። የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴውም መሥሪያ ቤቶችን እየጠራ በግኝቱ ላይ ይጠይቃል። ሥራው እትዬ ሞዴል 19ና 22 ይዘው ሲሠሩት ከኖሩት የተለየ አይደለም። ገቢውን ታያለህ፣ ወጪውን ታያለህ፣ የጎደለውን ትጠይቃለህ።

አንቀጽ 54 ላይ ተወካይ ለሦስት ነገር ብቻ እንደሚገዛ ተጽፏል። ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ፣ ለኅሊናው። ለፓርቲው የሚል እዚያ የለም። እዚያው አንቀጽ ላይ ተወካይ በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ተደንግጓል። ይህ ከለላ ለምን የተሰጠው ይመስላችኋል? እኛ ለመናገር የምንፈራውን እሱ ቆሞ እንዲናገርልን ነው። እኛ ግን ምን ይናገርልን? ምንም አላልነውም። ምንም ካለማለታችንም በላይ፣ ያለችውን አንዲት ሴት አስቀመጥናት።

ሕግ ሲወጣም ያው ነን። አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው የሚመጣው፣ የምክር ቤት አባል ግን ራሱ ረቂቅ ማመንጨት ይችላል። ረቂቅ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴውም የሚመለከታቸውን ጠርቶ ያወያያል። እኛ የቡና ሰዎች ነን። በ2000 የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602 ቡናውን ወደ ምርት ገበያ ሲወስደው፣ በ2009 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1051 መጥቶ ያንን ሲለውጠው፣ ከመካከላችን ተወካዩ ዘንድ ሄዶ «ይህች አንቀጽ እኛን ትጎዳለች» ያለ ማን ነው? እኔ አላልኩም። ሁለቱንም የሰማሁት ከወጡ በኋላ ነው፣ ያውም ሰው ቡና እየጠጣ ሲያማርር። ለጨፌ፣ ለክልላችን ምክር ቤት፣ የመረጥናቸውም አሉ፣ አዳማ ይሰበሰባሉ። በየሰፈሩ ለከተማ ምክር ቤት የመረጥናቸው ደግሞ እዚሁ ከእኛ ጋር ሰርግና ለቅሶ ይደርሳሉ። እነሱንስ ምን ጠየቅናቸው?

አሁን ወደ እጄ ልመለስ።

ለምን ጎተትኩ? ያን ቀን ማታ ለራሴ «እንዳይሳቅባቸው ብዬ ነው» አልኩ። ባለቤቴም ስነግራት ይህንኑ አልኳት። እሷ ምንም አልመለሰችልኝም፣ ዝም ብላ አየችኝ። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የኔ ፋይል አለ። አንድ ፊርማ እየጠበቀ ነው። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ያን ፊርማ የሚፈርም ሰው ነበር። እትዬ ሲናገሩ ሰውየው ወደ እኛ ሲያይ እኔንም ያየኝ መሰለኝ። አብሬያቸው የመጣሁ እንዳይመስለው ፈራሁ። ለዚህ ነው እጄ የተነሳው። ደግሞ ከስብሰባው በኋላ የትራንስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ትንሽ ብር ነበር። ስብሰባው ከተበጠበጠ ይቀራል ብዬ አስቤያለሁ። አዎ፣ ይህንንም አስቤያለሁ። ተሰልፌ ፈርሜ ተቀበልኩት። ከፊቴ እትዬ አልነበሩም፣ ሳይፈርሙ ሄደዋል። በዚያ ዝናብ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲሄዱ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። አልጠራኋቸውም።

እኔ እኚህን ሴትዮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት አርባ ቀን ሙሉ ቡና እያፈሉ አሳልፈዋል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ነጠላቸውን ይዤ የጎተትኩት፣ ፋይሌ እንዳይቆይብኝ ብዬ። ፋይሉ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ቢፈረምም ያው ነው፣ ያን እጅ አያነጻልኝም።

የሳቃችሁትን ልቆጣ ስነሳ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ሳቃችሁ ከኋላ ነው የመጣው። የኔ እጅ ግን ከጎናቸው ነበር።

ቢሆንም እቆጣለሁ። ፈሪ መሆኔ የእናንተን ሳቅ ትክክል አያደርገውም። ከመካከላችሁ መምህራን ነበራችሁ። ሕግ የተማራችሁ ነበራችሁ። ማታ ማታ ስልክ ላይ «ፓርላማው እጅ ከማውጣት በቀር ምን ይሠራል» እያላችሁ የምትጽፉ ነበራችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ያን የምትጽፉትን ጥያቄ አንዲት ጡረተኛ ፊት ለፊት ሲጠይቁት ግን ሳቃችሁ። ተወካዩ ያን ቀን ከጅማ ምን ተምረው የተመለሱ ይመስላችኋል? የሚጠይቃቸው ሰው ቢመጣ እኛው እንደምናስቀምጥላቸው ነው። ከዚህ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልጠየቁም ብለን ማማት የምንችለው በምን አፋችን ነው?

ሕዳር ላይ፣ የቡና ለቀማው ሲጀመር፣ ቤታቸው ሄድኩ። ቆጪ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ትንሽ ቡና ይዤ ሄጄ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን ቆሉ። ሁለተኛው እስኪፈላ ስለ ልጆቼ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ፣ ስለዚያ ቀን ምንም አላነሱም። በመጨረሻ እኔ አወጣሁት። «እትዬ፣ ያን ቀን የጎተትኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቀለበትህን አይቻለሁ።»

ከዚያ ዝም አልን። አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ። ተነስተው ከቁም ሳጥናቸው አንድ ደብተር አወጡ፣ ባለ ጠንካራ ልባስ፣ በማስመሪያ የተሰመረ። በግራ በኩል በየስብሰባው ተሠራ የተባለውን ከነቀኑ ጽፈዋል። በቀኝ በኩል ራሳቸው ሄደው ያዩትን። የውሃ መስመር ተዘረጋ፤ አልገባም። የድልድይ ጥገና ተጠናቀቀ፤ ገብቷል፣ አይቻለሁ። ያልሠሩትን ብቻ አይደለም የጻፉት፣ የሠሩትንም ጽፈዋል። የሪፖርቱ ቁጥርና የዓይናቸው ቁጥር በማይገናኝበት ቦታ ላይ በቀይ «ክፍት» የሚል አለ። የነሐሴው ጥያቄያቸውም እዚያ አለ። አንድ ጥያቄ፣ መልስ የለውም፣ ክፍት።

«እንደገና ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«ጉልበቴ በዝናብ እሺ አይለኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ባጃጅ ትይዝልኛለህ?» አሉኝ።

እይዛለሁ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጎረቤቶች አነጋግሬያለሁ። አንደኛው ያን ቀን ከሳቁት ነው፣ ራሱ ነው የነገረኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሁለቱ እሺ ብለውኛል፣ አንዷ አስባለሁ ብላለች፣ ያ የሳቀው ግን እመጣለሁ አለ። የሚመጣው ሰው ይበዛል ብዬ አልጠብቅም። ተወካያችን ይመልሱልናል ብዬም እርግጠኛ አይደለሁም። መድረክ መሪው ከአጀንዳ ውጪ ነው ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ የሚሆነውን እናያለን። በሚቀጥለው ስብሰባ እትዬ ደብተራቸውን ይዘው ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ በግራ በኩል ይቀመጣሉ፣ እኔ ከጎናቸው ነኝ። ሲነሱ አብሬያቸው እነሳለሁ። ከመጣችሁ ቦታ ይዘንላችኋል።