ጥርስ ማቃናት ቅንጦት ነው ላሉን ኃላፊ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ጤና መድን በተደረገ አንድ ውይይት አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የ12 ዓመት ልጃቸው የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት ወጥቶ ከንፈሩ አልገጥም ብሎታል። መድኑ የማቃኛውን ወጪ ይችልልን ይሆን ወይ ነው ጥያቄያቸው። ከመድረኩ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ «እሱ ቅንጦት ነው። አባቶቻችን ጥርሳቸውን በሽቦ ሳያስሩ ቆሎ ቆርጥመው ኖረዋል።» አዳራሹ ሳቀ። ሴትየዋ ተቀመጡ።

እኔን ግን አላሳቀኝም።

ከቆሎው ልጀምር። የመንዝና የተጉለት ገብስ ቆሎ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ኃላፊው ይህ ክርክር ማንን እንደሚያግዝ አላሰቡበትም። ጠንካራ ነገር እያኘከ ያደገ ልጅ መንጋጋው ይሰፋል፣ ለጥርሱም ቦታ ይበቃዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የዛሬ ከተሜ ልጅ የሚያድገው በብስኩትና በለስላሳ ዳቦ ነው። ታዲያ የአያቱ መንጋጋ ለሱ ምን ይፈይድለታል? ደግሞስ አባቶቻችን ያለ መነጽርም ኖረዋል። ጥርሳቸው ረግፎ ቆሎውን አስፈጭተው በሶ የጠጡትስ ለምን ተረሱ?

ቅንጦት መሆን አለመሆኑ ደግሞ በግምት የሚታወቅ ነገር አይደለም። ይለካል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ መለኪያ አላቸው፤ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጣል። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከቀደመ ደረጃው 4 ነው። ከ9 ካለፈ 5። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ 4 ወይም 5 ላይ ከደረሰ ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ለቁንጅና ብለው አይደለም። ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰበረው ወደ ፊት የወጣው ጥርስ ስለሆነ ነው። የኛው ኃላፊ ማስመሪያ ይቅርና ልጁን እንኳ አላዩትም።

(ፍንጭት ይዘጋልን ያለ የለም። ፍንጭትማ ጌጥ ነው፤ እሱን ማንም አይንካብን።)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ጥርሱን ያጣመመው ማን ሆነና ነው ቅንጦት የሚባለው? የ6 ዓመት ልጅ የወተት መንጋጋው ተቦርቡሮ ያለቅሳል። ወላጅ ሕክምና ይወስደዋል። ይነቀላል። «የወተት ነው፣ ይተካል» ተብሎ ወደ ቤት ይሸኛል። ይተካል፣ እውነት ነው። የት ቦታ ላይ እንደሚተካ ግን የሚጠይቅ የለም። የወተት መንጋጋ ከማኘክ ሌላ ሥራ አለው፤ ከሥሩ ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ይይዛል። ያለጊዜው ሲነቀል በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው ትልቁ መንጋጋ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ልጁ 10 እና 12 ዓመት ሲሞላው አዲሱ ጥርስ ይመጣል፤ ቦታው ተይዟል። ወይ ደርቦ ይበቅላል፣ ወይ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። መፍትሔው ደግሞ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ጎረቤት ጥርስ ላይ ይለጠፍና ክፍተቱን ይጠብቃል። ዋጋው ከሁለት ዓመት ብሬስ (የጥርስ ማቃኛ ሽቦ) ጋር አይወዳደርም። ይህንን ሳናደርግ ከርመን ልጁ ጥርሱ ተበላሽቶ ሲመጣ ቅንጦተኛ እንለዋለን!

በዚህ ላይ የወተት ጥርስ ማስነቀሉን ጨምሩበት። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ጥርሱ ነው» ይባልና ገና ያልበቀለው ክራንቻ ከድዱ ውስጥ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ አለ። እሱ ከተነካ ጥርሱ ተበላሽቶ ይበቅላል፣ ወይ ጭራሹን ይቀራል። ጎጂ ልማድ ነው እያልን በየስብሰባው ስናወግዘው ኖረናል። ጉዳቱን ይዞ የመጣውን ልጅ ግን አናውቀውም።

ሕክምናው ራሱ ምሥጢር የለውም። ጥርሱ ላይ ትንንሽ ማያዣዎች ይለጠፋሉ፣ በሽቦ ይያያዛሉ። ሽቦው በዝግታ ሲገፋ በተገፋው በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው በኩል አዲስ ይሠራል። ጥርስ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር የሚፈጀውም ለዚህ ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ግልጽ ፕላስቲክም አለ፤ እሱ ግን ዲሲፕሊን ይጠይቃል፣ ለከበደ ችግርም ሁሌ አይበቃም። ለአዋቂም ይሠራል፣ ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ይሁን እንጂ። ሲያበቃ ሪቴይነር (የተቃናውን ጥርስ ቦታው ላይ የሚያቆይ መያዣ) ያላደረገ ሰው ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አደራ፣ ሁለት የፊት ጥርስን በላስቲክ አስሮ ማቀራረብ የሚባለውን እንዳትሞክሩት። ላስቲኩ በድዱ ሥር ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣና ጥርሱን ያስነቅላል።

ሐኪሙስ የት ነው? ሰው ሁሉ የሚላከው አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር። በየወሩ ለሁለት ዓመት ቢመላለሱት ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የሚነሳው ቤተሰብ ገና ደብረ ብርሃን ለመድረስም ጉዞ አለበት። ይህ ለኔ ቅጣት እንጂ ቅንጦት አይመስለኝም።

መድኑ የሁሉንም ጥርስ ያቃና አላልኩም። ኪሱን አውቀዋለሁ። ግን የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ የሚያቃኑ ሐኪሞች) ማኅበር የመጀመሪያው ምርመራ ከ7 ዓመት አይለፍ ይላል፤ ይህ ደግሞ ባትሪና የአፍ መስታወት እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። የጥርስ ባለሙያ በዓመት አንድ ቀን ወደየትምህርት ቤቱ ይላክ። የወተት መንጋጋ የሚነቅል ቦታ ማስጠበቂያውን ቀለበት አዘጋጅቶ ይንቀል። የለንም ከተባለ ወላጁ ከመነቀሉ በፊት ይነገረው። ተሞልቶ የሚድን ጥርስ ከሆነም አይነቀል።