«ዊንዶውስም በነጻ ነው እኮ»

መገናኛ አካባቢ ካሉት ኮምፒውተር ጠጋኞች አንዱ ዘንድ አሮጌ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ተቋርጧል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኔን ማሽን «አርጅተሃል» ብሎ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲጭንልኝ ጠየቅኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ሊኑክስ ምን ያደርግልዎታል? ዊንዶውስም በነጻ ነው እኮ» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ፍላሽ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን ሁሉ ከነክራኩ (ያለ ፈቃድ ከሚያስከፍተው ፕሮግራም ጋር) ይዛለች።

ነጻ ሶፍትዌር ትልልቆቹን ኩባንያዎች ይጥላል የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ በዋጋ ላይ ይቆማል፤ እዚህች ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ይከሽፋል። ፈቃድ ገዝቶ ለማያውቅ ሰው «ከመግዛት ይህን ውሰድ» ቢሉት ምን ይገባዋል? ከዊንዶውስ ባለቤት ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ ለሆነው ለቢል ጌትስ ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል። በ1998 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲናገር ስለ ቻይና አንሥቶ፣ ሶፍትዌር መስረቃቸው ካልቀረ የኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱታል፣ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ ኋላ እንፈልጋለን ብሎ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ማለት ይሄኔ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያዘጋጀልን መለያ አለ። «በነጻ» የተገኘ ነገርና «ነጻ» የሆነ ነገር ለየቅል ናቸው፤ ልዩነታቸው ያቺ «በ» ናት። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ያሳሰበው ሁለተኛው ነበር፦ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ሥራ ማዋል፣ ኮዱን ከፍቶ ማየት፣ መለወጥ፣ ለጎረቤት ማካፈል። የልጁ ፍላሽ «በነጻ»ውን ትሰጠኛለች። «ነጻ»ውን ግን የላትም፤ ክራኩ ውስጥ ምን ተጠቅልሎ እንደመጣ እንኳ ልጁም እኔም አናውቅም።

ነጻ ሶፍትዌር አላሸነፈም ማለቴ አይደለም። አሸንፏል፤ ያሸነፈው ግን ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮቻችን አስኳል ነው። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። በ2001 የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን «ካንሰር» ብሎት ነበር፤ በ2014 ተተኪው ሳትያ ናዴላ «ማይክሮሶፍት ሊኑክስን ይወዳል» አለ። በ2018 ኩባንያው የነጻ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። አንዳንዶች ይህን እንደ ንስሐ ያዩታል። እኔ የማየው ነጋዴ ነው፤ ሶፍትዌር ከመሸጥ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ማከራየት ሲያዋጣው ሱቁን የቀየረ። ዊኪፔዲያ በ2001 ከተጀመረ በኋላ ኢንካርታ የሚባለው የማይክሮሶፍት ኢንሳይክሎፒዲያ በ2009 ተዘጋ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ግን አለ። የሚወድቀው ምርት እንጂ ኩባንያው አይደለም።

ጠረጴዛችን ላይ ያለው ምርትስ ለምን አልወደቀም? ከሙኒክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የጀርመኗ ከተማ በ2003 የመሥሪያ ቤቶቿን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ልታዛውር ስትወስን ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍቱን አቋርጦ ከንቲባውን ለማግባባት ሄደ፤ አልተሳካለትም። ከተማዋ ዐሥር ዓመት ፈጅታ 15,000 ገደማ ማሽኖችን አዛወረች። ከዚያ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ፖለቲካው እንዳለ ሆኖ፣ የዕለት ተዕለቱ እሮሮ ከውጭ የሚመጣው ሰነድ በትክክል አይከፈትም የሚል ነበር። ሽሌስቪግ-ሆልስታይን የተባለው የጀርመን ክልል በ2024 ተመሳሳይ መንገድ ጀምሯል፤ 30,000 ኮምፒውተሮችን። እንዴት እንደሚወጣው እናያለን።

ይህ እሮሮ ለአማርኛ ጸሐፊ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ኮድ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቅንፍ ክምር ይሆናል። መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የሚገዛው ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን አለቃው የሚልከው ፋይል በሌላ ስለማይነበብ ነበር። ከዚያ ያወጣን የዋጋ ቅናሽ አይደለም። ግዕዝ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ ገባ፤ የፊደሉ ኮድ የማንም ንብረት መሆኑ ቀረ፤ ዛሬ አማርኛ በየትኛውም ስልክ ይነበባል።

ስለዚህ ቁልፉ ያለው ፋይሉ ላይ ነው ባይ ነኝ። መንግሥታችን ነጻ ሶፍትዌርን የሚፈራ አይመስለኝም፤ የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ከሕንድ ባንጋሎር በወጣው ሞሲፕ በተባለ የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው፣ የጤና ተቋማት ሪፖርትም የሚያልፈው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው። ነገር ግን ያው መንግሥት ለዜጋው ቅጽ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ በዎርድ ያወጣል፣ በዎርድ ይቀበላል። ኦዲኤፍ የሚባለው ክፍት የሰነድ ቅርጽ በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ «ቅጻችሁን በዚህም ተቀበሉ» የሚል የአንድ ገጽ ሰርኩላር ከመቶ የሊኑክስ ሥልጠና የበለጠ ይሠራል። ኦፊስ መግዛት የሚፈልግ ይግዛ፤ የማይፈልገው ግን አገልግሎት ለማግኘት ሲል ክራክ አይለምን።

ልጁ እያጉረመረመም ቢሆን ሊኑክሱን ጫነልኝ፤ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ፈጠነ። በሳምንቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከልኝን ቅጽ የኦፊስ ነጻ ምትክ በሆነው በሊብሬኦፊስ ስከፍተው ሰንጠረዡ ተፈረካክሶ የፊርማው ቦታ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተገኘ። ፍላሼን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው፣ ሰንጠረዡ ቀጥ ብሎ ወጣ። «አላልኩዎትም?» አላለኝም፤ ገጹን ቆጠረና የፕሪንቱን ሒሳብ ነገረኝ።