ከተራን በር ስጠብቅ

ለጥምቀት ብዬ ከእንግሊዝ አገር፣ ከሊድስ ጎንደር ድረስ መጣሁ። ከተራን ያሳለፍኩት ግን ጥምቀተ ባሕሩ ዳር አይደለም። ማራኪ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ቤት ጠባቂ ሆኜ።

ነገሩ የተወሰነው ጥር 9 ማታ፣ እራት ላይ ነው። እህቴ "ነገ ማን ይቀራል?" ስትል መጀመሪያ አልገባኝም። ድሮም ታቦት ሲወጣ ቤት የሚቀር ሰው ነበር። አራስ፣ ወይ ጉልበቷን የሚያማት አያት። አሁን ግን ተራ ወጥቶለታል። ካቻምና እህቴ፣ አምና ታናሽ ወንድሜ። "አንተማ እንግዳ ነህ ልጄ፣ ሂድ" አለችኝ እናቴ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተራ ደርሶኝ እንደማያውቅ ሳስበው አፈርኩና "እኔ እቀራለሁ" አልኩ። እንደ አገሩ ወግ ትንሽ ይለምኑኛል ብዬ ነበር። ማንም አልለመነኝም። ወንድሜማ ወዲያው ነጭ ልብሱን ሊተኩስ ተነሳ።

ሌባ ቀን ይቆጥራል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ የጎንደር ሰው የት እንዳለ ለማወቅ ሰላይ መላክ አያስፈልግም። አርባ አራቱ ታቦት እያልን የምንኮራበት ከተማ በየደብሩ ታቦቱን አጅቦ ጥምቀተ ባሕሩ ወዳለበት ወደ ቀሃ ይወርዳል። ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በ2012 ዓ.ም ነው። የሰፈራችን ሌባ ግን ቀድሞ መዝግቦታል።

አምና በዚሁ ዕለት እኛ መንደር ሁለት ቤት ተሰበረ። ከአንዱ ቴሌቪዥንና የጋዝ ሲሊንደር ተወሰደ። ከሌላው ዲናሞ። ጎንደርን ለማያውቅ ዲናሞ ትንሽ ዕቃ ሊመስለው ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ዲናሞ የሌለው ሮቶ ማማ ላይ የተሰቀለ ባዶ ጎታ ነው። ቴሌቪዥን የተሰረቀበት ያዝናል። ዲናሞ የተሰረቀበት ጀሪካን ይሸከማል። ብሩ በ2016 ዓ.ም ሐምሌ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የሄደን ዕቃ መተካት የዋዛ አይደለም። የቤት ዕቃ መድን አለ ቢባልም፣ እኛ መድንን የምናውቀው በመኪና ነው።

ሰው "እናንተ አገርማ ሌባ የለም" ይለኛል። አለ እንጂ! እኔ ራሴ ሊድስ ውስጥ ተሰርቄያለሁ። ኅዳር ላይ ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገና ሲል መጨለም በጀመረበት ሰሞን። እዚያ አብዛኛው ቤት የፕላስቲክ በር ነው ያለው። የቁልፉ ሲሊንደር ትንሽ ወጣ ካለ ሌባው በፒንሳ ይዞ መሃሉን ቀጭ ያደርገዋል። ደቂቃ አይፈጅበትም። ከሥራ ስገባ በሩ ገጠም ብሏል፤ ቁልፌ ግን የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ፖሊስ ስደውል ሌባው እዚያው ካለ 999፣ ከሄደ 101 ነው ተባልኩ። ለሄደ ሌባ የተለየ ቁጥር መኖሩ በዚያ ሰዓት እንኳ አሳቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፖሊሷ የመጣችው በማግሥቱ ነው። ትሑት ልጅ ናት። መስኮቱ ላይ ዱቄት ነሰነሰች፣ አሻራ ፈለገች፣ የወንጀል ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝና ሄደች። የመድን ድርጅቱ ሰዎች የፈለጉት እኔን ሳይሆን ያንን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሰጠኋቸው። ላፕቶፑን ከሁለት ወር በኋላ ከፈሉኝ። እናቴ ስሸኝ አንገቴ ላይ ያሠረችልኝን የወርቅ መስቀል ግን "ደረሰኝ አለህ?" አሉኝ። እናት ደረሰኝ ትቆርጣለች?

ይህን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ቤት ትቼው መጣሁ ብያታለሁ።

ከሁሉም የቆጨኝ ሌላ ነው። የጎን ጎረቤቴ ድምፁን ሰምቶ ኖሯል። በር የሚያስጠግን መስሎኝ ነው አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ስሙን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት እዚያ ብነግረው ምን ብዬ እንደማስረዳው እንጃ።

አገሩ ሥርዓት የለውም ማለቴ አይደለም። የሰፈር ጥበቃ ማኅበር የሚባለውን ነገር በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመሩት በቼሻየር፣ ሞሊንግተን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ዛሬ ምልክቱ በየመንገድ መብራቱ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። የእኛም መንገድ ላይ አለ። ምልክቱን አውቀዋለሁ፣ ጠባቂውን አይቼው አላውቅም። የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ አዛዦች ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ "ከእንግዲህ ቤት በተሰበረ ቁጥር እንመጣለን" ብለው ቃል ገቡ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ አይመጡም ነበር ማለት ነው ብዬ ነው የሰማሁት። ከመቶ የቤት ስርቆት ክስ የሚመሠረትበት አሥር አይሞላም።

አንድ ቀን ደግሞ የመንገዳችን ነዋሪዎች የሚላላኩበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የአንዱ ቤት የበር ካሜራ ያነሳው ቪዲዮ ተለቀቀ። "ኮፍያ ያጠለቀ ጥቁር ሰው አሥር ደቂቃ ቆሞ ቤቶችን ሲያይ ነበር፣ ተጠንቀቁ።" እኔ ነኝ። እንጀራ የሚያመጣልኝን ጓደኛዬን እየጠበቅሁ። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ሳቅን፣ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን እንጀራዬን ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የምጠብቀው።

ወደ ማራኪ ልመለስ። ልጅ ሳለሁ አጥራችን ቅንጭብ ነበር። ዶሮ ይሾልካል፣ ሰው ያያል፣ ወሬ ያልፋል። የጎረቤታችን እማሆይ ፀሐይ ሲሞቁ ማን ገባ ማን ወጣ ሳይነሱ ያውቁ ነበር። ትምህርት ቤት ስቀር ለእናቴ የሚያሳብቁብኝ እሳቸው ናቸው። አሁን በቅንጭቡ ፈንታ የድንጋይ አጥር ቆሟል። አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ብረት፣ በሩ ላሜራ። የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ያህል ሲዞር 12 በር አለው፤ ፊት በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር እየተባለ ሁሉም በስሙ ይጠራል። ለኛ ሰፈር በር ስም ቢወጣለት "ማን ነህ በር" ነው የሚባለው።

ስለ ጠርሙሱ ለእናቴ አንድ ነገር ነገርኳት። እንግሊዝ አገር ሌባ አጥርሽ ላይ ባሰካሽው ጠርሙስ ቢቆረጥ አንቺ ልትጠየቂ ትችያለሽ አልኳት። ለገባብሽም ሰው ደኅንነት የሚያስብ የ1984 እ.ኤ.አ. ሕግ አላቸው። አየችኝ። "ቁስሉንስ ጠርገው ቡና አያፈሉለትም?" አለች።

የምሬን ልናገር፤ ይህ አጥር የሚጠቅመው ሌባውን ነው። እንግሊዝ ፖሊስ የፊት ለፊት አጥርህን ከአንድ ሜትር አታስበልጥ ይላል። መንገደኛ እንዲያይ። እኛ ሦስት ሜትር ገንብተን፣ ሌባው አንዴ ከዘለለ ማንም ሳያየው ተረጋግቶ የሚሠራበት ግቢ አዘጋጀንለት። ገንዘቡን የላክነው ደግሞ እኛ ነን። በእኛ መንገድ ብቻ ሦስት የዳያስፖራ ቤት አለ። አንዱ የአሜሪካ፣ አንዱ የእስራኤል፣ አንዱ የጀርመን። ሦስቱም ፎቅ ናቸው፣ ሦስቱም ማታ ጨለማ ናቸው። ሰርቪሱ ውስጥ አንድ ጠባቂ ወይም ተከራይ ይኖራል። አምና ዲናሞው የወጣው በነዚህ በአንዱ ግቢ በኩል ተሻግሮ ነው። እኛ ክረምት መጥተን የምንኖርበትን ቤት ሠራን፤ ጎረቤቶቻችን ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ያድራሉ።

ስርቆቱን ግን በአጥር ብቻ መተንተን ልክ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ጎንደር ሌሊቷ ተለውጧል። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ድሮ "ሌባ! ሌባ!" ብሎ መጮኽ ይበቃ ነበር። ከየቤቱ ዱላና ባትሪ ይዞ የሚወጣው ሰው ብዛት ሌባውን ሳይሆን ጯሂውን ያስደነግጣል። አሁን ሌሊት የሆነ ነገር ሲንኳኳ ወይ ሲተኮስ ሰው መብራት አጥፍቶ ያዳምጣል። ሌባ ይሁን ሌላ ነገር በምን ያውቃል? ሮንድ ነበር። በየተራ ሁለት ሁለት አባወራ እየወጣ የሚዞር። ማታ መንቀሳቀስ ሲያስፈራ እሱም ቀረ። በምትኩ ተዋጥቶ ዘበኛ ተቀጠረ። ዘበኛው ፊሽካ አለው። መንቃቱን ለማሳወቅ በየሰዓቱ ይነፋል። ሌባውም የት እንዳለ በየሰዓቱ ያውቃል።

አምና ከተሰረቁት አንዷን ሴትዮ ላጽናና ሄጄ ነበር። "ዕቃውንስ ይውሰደው፣ ሰው አይንኩብን እንጂ" አሉኝ። እገታ የሚባል ነገር ባለበት ከተማ ቴሌቪዥን መሰረቅ እንደ ቀላል ነገር ተቆጥሯል። "ተመስገን" ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ሊድስ ውስጥ ቤቱ የተሰበረበት ሰው ወራት እንቅልፍ አጥቶ ሐኪም ያማክራል። እኔም ሁለት ወር ያህል መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት። እሳቸው በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተዋል። ጠንካራ ስለሆኑ ነው ወይስ ከዚህ የባሰ ስለለመዱ? ሁለተኛው ይመስለኛል፣ አላስደሰተኝም።

እኔ በሄድኩ ቀንም ቡናው ላይ ሌባው ማን እንደሆነ ተመከረ። አንዷ ቆራሌው ነው አሉ፣ ዕቃ እገዛለሁ እያለ ቤት የሚያይ እሱ ነው። ሌላዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እነዚያ ናቸዋ" አሉ። እነዚያ ማለት የጀርመኑን ቤት ሰርቪስ የተከራዩት ናቸው። ከገጠር ሸሽተው የመጡ፣ አንዲት እናትና ሁለት ልጆች። እናቴም "ድሮ የምንተዋወቅ ሰዎች ብቻ ነበርን" አለች። የኮፍያዬ ቪዲዮ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። መናገር ነበረብኝ። የሚገርመው በዚህ ሰፈር ባለፈው ዓመት እጅ ከፍንጅ የተያዘው አንድ ሌባ እዚሁ የተወለደ፣ እናቱም የእድራችን አባል የሆነች ልጅ ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ። ቴሌቪዥኑን መለሰ። ሪሞቱ እስካሁን አልተገኘም። የዚህን ልጅ ስም ቡናው ላይ ማንም አላነሳም።

አያቴ ስለ አውጫጭኝ ታወራልን ነበር። ከብት ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ አይበተንም። የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት መናገር ከፈራ "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ይጠቁማል። ሥራ የሚፈታበት ሁሉ ተማርሮበት እንደነበር አልረሳሁም፤ ያለ ጥፋቱ የሚቀጣም አይጠፋም። ግን ወፏ ደስ ትለኝ ነበር። ወንድሜ ዘንድሮ ያዘዘኝ የበር ካሜራ ነው። አምጥቼ ገጠምነው። ማራኪ ላይ መብራት ሲጠፋ ይቺኛዋ ወፍ ቀድማ ትተኛለች።

ከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላም እንደተኛች ነበረች። መብራት የለም፣ ካሜራው አይሠራም። መዝሙሩ ከሩቅ እየተቆራረጠ ይመጣል። እኔ ወንበሬን ላሜራው በር አጠገብ አስጠግቻለሁ። በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች!"

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን እኔ?"

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። የማላውቃት። ከጀርመኑ ቤት ሰርቪስ ነኝ አለች። መቀርቀሪያው ላይ እጄን አሳረፍኩ እንጂ አልከፈትኩም።

"እናቴ ቡና አፍልታለች። ብቻዎን ነዎት ብላ፣ ይምጡ ብላ ነው ጋሼ።"

"አመሰግናለሁ፣ ቤቱን ጥዬ አልወጣም" አልኳት፣ በቀዳዳው።

"ከኛ በር ላይ ሆኖ ይታያል እኮ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እያየነው ነው። የእናንተንም፣ የነሱንም።"