ልሙጥ አሸዋ የጣላት ሄሊኮፕተር

ኢንጄኒዊቲን የሰበራት ገደል ወይም ቋጥኝ አይደለም፤ ልሙጥ አሸዋ ነው። 1.8 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የናሳ ሄሊኮፕተር በማርሱ ጄዜሮ ጎድጓዳ ስፍራ ስትበር ከሥሯ ያለውን መሬት በካሜራ እየተመለከተች፣ ጠጠሩንና ድንጋዩን ምልክት እያደረገች ፍጥነቷን ትለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ በ72ኛ በረራዋ፣ ከታች የጠበቃት ለዓይን መያዣ የሌለው የአሸዋ ክምር ነበር። ፍጥነቷን መገመት አቃታት፤ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ወረደች፤ ክንፎቿም ተሰበሩ።

ለቅሶ አልቀመጥላትም። በ2021 ማርስ ላይ መብረር ስትጀምር የታቀደላት አምስት በረራ ብቻ ነበር። የማርስ አየር ጥግግት ከምድራችን አየር 1 በመቶ ያህል ነው። በደጋ የሚያበር ሰው አየር ሲሳሳ ሄሊኮፕተር እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፤ የማርሱ ግን ከምድር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ እንደ መብረር ነው። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆኑት ሁለት ክንፎቿ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከሩ ነበር።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አብራት ማርስ ላይ ያረፈችው ተሽከርካሪ፣ የፐርሲቨራንስ ሳይንቲስቶች አንዳንዶቹ «ጊዜ ትሻማናለች» ብለው በግልጽ አልደገፏትም ነበር። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የእነሱ ሥራ ድንጋይ መሰብሰብ ነው። ኋላ ግን ያነሳቻቸው ፎቶዎች ለተሽከርካሪዋ መንገድ መምረጫ ሆኑ። 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣባት፣ ብትወድቅ ዋናው ተልእኮ የማይስተጓጎልባት መሆኗ ነው ይህን ሁሉ ድፍረት የሰጣት።

ተረኛዋ የናሳ ሄሊኮፕተር ድራጎንፍላይ ይህ ዕድል የላትም። በ2028 ተነስታ በ2034 የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ እንድትደርስ ታቅዷል። እዚያ አየሩ ከእኛው አራት እጥፍ የጠበቀ፣ ስበቱ ከምድር አንድ ሰባተኛ ነው፤ መብረሩ ከማርስ ይቀላል። ነገር ግን ወጪዋ 3.35 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ምትክ የላትም፤ የመጀመሪያ ማረፊያዋም የአሸዋ ክምሮች የተንጣለሉበት ሜዳ ነው።

አትሂድ አልልም። ናሳ በ2022 የማርስን ናሙና የሚለቅሙ ሁለት ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች አስቦ ነበር፤ ናሙናውን ወደ ምድር የማምጫው ፕሮጀክት ወጪ እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ሲተመን የእነሱም ነገር አብሮ ተንጠለጠለ። ያለ ትልቁ ፕሮጀክት ለብቻቸው ይላኩ ባይ ነኝ። ድንጋይ ባይለቅሙ እንኳ ልሙጥ አሸዋ ላይ ማረፍ ይለማመዱ።