ፊቷን ባያሳዩን ምን ነበረበት?

በቀደም ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን «ዘ ፒናትስ ሙቪ»ን አየን። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው፣ የቻርሊ ብራውንና የውሻው የስኑፒ ፊልም ነው። መሃል ላይ ልጁ ከሶፋው ብድግ አለ። ቻርሊ ብራውን በፈተና መቶ ከመቶ አምጥቷል ተብሎ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦለታል። ነገር ሁሉ የማይቀናው ልጅ! መድረክ ላይ ሆኖ ወረቀቱን ሲያየው ግን የሱ አይደለም፣ አብራው የምትማረው የፔፐርሚንት ፓቲ ነው። ሲያስረክቡ ተቀያይሮባቸዋል። እዚያው ማይክ ፊት እውነቱን ተናገረ፣ ሜዳሊያውንም መለሰ።

«ማንም እኮ አላወቀበትም! ለምን ዝም አላለም?» አለኝ የእህቴ ልጅ።

እኔ ፊልሙን የምወደው ልጅን እንዲህ ስለሚያስጠይቅ ነው። ፊልሙ ቆሞ አይሰብክም። ልጁ ያፍራል፣ አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል፣ ታሪኩ ይቀጥላል።

ፊልሙ የመጣው «ፒናትስ» ከሚባል የጋዜጣ ካርቱን ነው፤ ቻርልስ ሹልዝ በ1950 በሰባት ጋዜጦች ጀመረው። 17,897 ካርቱን ሲሠራ አንድም ረዳት ሥዕሉን አልነካለትም። የመጨረሻው የወጣው እሱ ባረፈ ማግስት፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ነው። ከሱ በኋላም ማንም እንዳይቀጥለው ፈልጎ ነበር። ስለዚህ በኮምፒውተር ፊልም ተሠራ ሲባል እኔ በጣም ነበር የፈራሁት። ደግነቱ ጽሑፉ ላይ የሹልዝ ልጅ ክሬግና የልጅ ልጁ ብራያን አሉበት። ሠሪዎቹም የሰውየውን እጅ አክብረዋል። ቻርሊ ብራውን ሲደነግጥ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት። በብዕር የተጫረች፣ ትንሽ የተንቀጠቀጠች መስመር ናት። ትልልቅ ሰዎች ሲናገሩ፣ እንደ ድሮዎቹ የቴሌቪዥን ፊልሞቹ፣ የሚሰማው የትሮምቦን ጥሩምባ ድምፅ ነው፣ ቃል የለውም።

አንድ ነገር ግን ሆዴን በላኝ። ቻርሊ ብራውን ቀይ ፀጉር ያላትን ልጅ ይወዳታል። በጋዜጣው ላይ ፊቷን አይተነው አናውቅም። እሱ ለብቻው አግዳሚ ላይ ሳንድዊቹን ይዞ ይቀመጣል፣ እሷ ከሥዕሉ ውጭ የሆነ ቦታ አለች። ፊልሙ ግን ፊት ለፊት አመጣት። ስታናግረው፣ ስታመሰግነው እናያለን። ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል፣ ልጆች ከሲኒማ ቤት ከፍቷቸው እንዲወጡ ማን ይፈልጋል? ግን ሹልዝ ለ40 ዓመት ያህል ክፍት የተወው ቦታ ነበር። አንባቢው ሁሉ የራሱን ሰው ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ጓደኛው ሉሲ እንኳ ኳሷን ይዛለት፣ ሊመታት ሲሮጥ እያነሳችበት ስንቴ በጀርባው ተዘርሯል፣ ተነስቶ ግን ይሞክራል። እኛም የወደድነው ስለሚሞክር ነው እንጂ ስለተሳካለት አይደለም።

ልጅቷ ወደ ካሜራው ስትዞር የእህቴ ልጅ ጎሰም አደረገኝ። «እሷ ናት?»

«አዎ» አልኩት። እኔ ካርቱኑን ሳነብ የማውቃት ግን ሌላ ነበረች።