«አይ ሰቨን» ብለን ለሸኘናቸው እናት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ ሲበርድ እጽፋለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አልበረደም።

ጎረቤታችን እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ምጣድ ይጥዳሉ። እኛ ከእንቅልፋችን ስንነቃ እሳቸው ለሱቆች አድርሰው ተመልሰዋል። አንድ ልጅ አላቸው፤ 14 ዓመቱ ነው። አምና ሚኒስትሪ ሊፈተን ሲል «ካለፍክ ኮምፒውተር እገዛልሃለሁ» አሉት። ቃሉን የገቡት እንዲሁ አልነበረም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ፕለይስቴሽን ቤት መዋል ጀምሮ ነበር። የሰፈራችን ፕለይስቴሽን ቤት ደግሞ ከጫት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ጨዋታው ካልቀረ ቤቴ ይጫወት» አሉ እናቱ። ልጁ አለፈ። እቁባቸውም ወጣ። 42 ሺህ ብር።

ሊገዙ የወጡ ዕለት ደወሉልኝ። በሰፈሩ የኮምፒውተር ሰው የምባለው እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ታጭቋል፣ ረዳቱ ይጮኻል።

«ልጄ፣ ምን ዓይነት ስጡኝ ልበላቸው?»

«አይ ሰቨን ይሁን፣ እትዬ። አይ ሰቨን በሏቸው» አልኩና ዘጋሁት። አይ ሰቨን ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል፣ ስም ነው።

ያልኳቸው ይኸው ብቻ ነው። ለጌም ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ስንት ብር ይዘዋል አላልኩም። ነገ አብረን እንሂድ አላልኩም። እሳቸው ግን ቃሌን በእቁብ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጻፉት። ኋላ አሳይተውኛል። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል «አይ ሰቨን» ይላል።

የገቡት መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራ ሌሎቻችን እፎይ እንላለን። ሻጩ ወንበር ሰጣቸው። «እናቴ» አላቸው። እሳቸው ደብተሩን አይተው «አይ ሰቨን» አሉ። ያቺን ቃል ብቻ ይዘው እንደመጡ ወዲያው ገባው። ጥቁር የቢሮ ዴስክቶፕ አወረደ። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ስቲከር ተለጥፏል። «አይ ሰቨን ነው፣ ግራፊክሱ አራት ጊጋ፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት። ከዚህ በላይ የለም፣ እናቴ» አላቸው። ሞኒተሩን ጨመረ። ኪቦርድና ማውሱን መረቀ። እሳቸውም ብሩን ቆጠሩ። ከብሩ መሀል ሊጥ የደረቀበት ነበር አለኝ ልጁ።

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው ኮምፒውተሩን ዞር ብሎ አየና ለጓደኛው «ሰከንድ ጀን እኮ ነው» ብሎ ሹክ አለው። ጓደኛው ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ልጁ ሰምቷል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም። አራት ሰው እዚያ ቆሞ ነበር። ሦስቱ የሚያውቁ፣ አንዷ የምትከፍል። ልጁን አልቆጠርኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ቡና ጠሩኝ። «ና፣ ልጄ እንዴት እንደሚጫወት እይልኝ» አሉ። ኮምፒውተሩ ከቡፌው ጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ከሞኒተሩ ላይ አልብሰውታል። ልጁ ዳንቴሉን ገልጦ ጂቲኤ 5ን ከፈተ። መኪና ይነዳል። ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። እናቱ ከኋላው ቆመው፣ አንድ እጃቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርገው፣ ፈገግ ብለው ያያሉ። እኔ የልጁን ፊት አየሁ። እሱ አላየኝም።

እሳቸው ከሰል ሊጨምሩ ሲወጡ ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አይንገሯት። ኳሱ አይከፍትም። ቫሎራንትም እምቢ ብሏል። ጥሩ ነው ብያታለሁ።»

ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው። ብሩ ይተካል። ሌላ ዓመት፣ ሌላ እቁብ። ግን የ14 ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቱ ፊት ተቀምጦ ደስ ያለው መስሏል። እሳቸው ቆሎ ያመጡለታል፣ እሱ እየተንቀጠቀጠ ያለውን መኪና ይነዳላቸዋል።

ሽፋኑን ፈታሁት። ስቲከሩን በጥፍሬ ነካሁት፤ ተላቀቀ። ከስሩ የሌላ ስቲከር ሙጫ አለ። ማቀዝቀዣውን አነሳሁና የደረቀውን ማጣበቂያ በሶፍት ጠረግሁ። ፊደሉ ወጣ። ኮር አይ7-2600፣ 3.40 ጊጋኸርዝ።

ኢንቴል ይህን ፕሮሰሰር ያወጣው በፈረንጆቹ 2011 መጀመሪያ ነው። ልጁ የተወለደበት ዓመት። እኩዮች ናቸው።

ፕሮሰሰሩን አልሰድብም። በዘመኑ አንበሳ ነበር። ዛሬም ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ሂሳብ ለሚሠራ ሰው ያገለግላል። ለእሱ የሚገባው ዋጋና የሚገባው ሰው አለ። በደሉ ለጌም ብለው ለመጡ እናት እንደ አዲስ መሸጡ ነው። ዊንዶውስ 11 እንኳ የተጫነበት አዲስ እንዲመስል ነው። ከኢንቴል በኩል ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀነሬሽን፣ ማለትም ከስምንተኛው ትውልድ፣ ወዲህ ያለውን ነው። ይህኛው ሁለተኛ ነው። ክልከላውን በዘዴ አልፈው ጭነውበታል። ቫሎራንት እምቢ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨዋታው ዊንዶውስ 11 ላይ ሲሆን ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ ሁለት የደህንነት መጠበቂያዎችን ይጠይቃል። ይህ ማሽን እነሱ የሉትም። ማሽኑን ለማስዋብ የተጫነው ነገር የልጁን ጨዋታ ዘጋበት።

«አራት ጊጋ ግራፊክስ» የተባለውስ? ምስሉን ለስክሪኑ የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ጂቲ 730 ነው። በ2014 የወጣ፣ ያኔም ቢሆን ከርካሾቹ መደብ የሆነ ካርድ ነው። አራት ጊጋ የሚለው የማስታወሻውን መጠን እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። ልጁ የሚወደው የኳስ ጨዋታ፣ ኤፍሲ 24፣ ቢያንስ የሚጠይቀው ስድስተኛ ጀነሬሽን አይ5 እና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ከመነሻውም አይደርስበትም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ እኔ። ያን ዕለት ከታክሲው ወርጄ ልነግራቸው የምችለው ነገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እነሆ ልናገረው፤ ዘግይቶም ቢሆን።

«እትዬ፣ አይ ሰቨን የሚለው ስም ብቻ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ይጠይቋቸው። 2600 ከሆነ ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ተዉት። 8500 ከሆነ ስምንተኛ ነው። 12400 ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ነው። ቁጥሩን በአፋቸው አይመኑ፤ ኮምፒውተሩን ያስነሱትና የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ይክፈቱልዎ። ልጁ ያንብበው።»

ይኼ አንድ ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ደግሞ ለልጁ እንዲህ እለው ነበር። በ2022 የወጣው ትንሹ ኮር አይ3-12100ኤፍ እና ያ ትልቁ አይ7-2600 ሁለቱም 4 ኮር 8 ትሬድ ናቸው፤ ኮር ማለት ሥራውን የሚሠራው ክፍል፣ ትሬድ ማለት ደግሞ በአንዴ የሚይዘው የሥራ መስመር ነው። በወረቀት እኩል ይመስላሉ። ግን የአዲሱ አንድ ኮር የአሮጌውን እጥፍ ገደማ ይሠራል፣ ለጌም ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ትንሽ ተጨማሪ ብር ካለህ ኮር አይ5-12400ኤፍ ወይም የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ይበቃሃል፤ ሁለቱም 6 ኮር 12 ትሬድ ናቸው። ከዚያ በላይ ለፕሮሰሰር አትክፈል። የተረፈህን ግራፊክስ ካርድ ላይ አድርገው፤ ጌም የሚያምረው በእሱ ነው። ራይዘን 5 5500 ቢሰጡህ ከ5600 ጋር አንድ ነው ቢሉህ አትመን። ኮሩ እኩል ነው፣ ካሹ፣ የፕሮሰሰሩ የቅርብ ማስታወሻ፣ ግን 16 ሜጋባይት ነው፤ የ5600ው 32 ነው። ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ዋጋው በደንብ ከረከሰ ግን ውሰደው። የኢንቴሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት በራሱ ስክሪን አያሳይም፤ ካርድ የግድ ነው። ካርድ መግዣ ከሌለህ ኤፍ የሌለውን ውሰድ፣ ወይም ከራይዘን ጂ ያለበትን፣ እንደ 5600ጂ። ራሙን፣ የኮምፒውተሩን የሥራ ማስታወሻ፣ ከአንድ ባለ 16 ጊጋ ይልቅ ሁለት ባለ 8 አድርገው።

አለቀ። ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ነፈግኋቸው። ለአለቃዬ ላፕቶፕ ስመርጥ ሦስት ማታ አንብቤያለሁ። እንጀራቸውን በዱቤ ለበላሁት እናት ግን የታክሲ መሀል ሦስት ቃል ሰጠሁ። ሻጩ የዘረፋቸው በእኔ ቃል ነው። «አይ ሰቨን» ብዬ ባልልክ ኖሮ ቢያንስ ይጠይቁ ነበር። ማወቄ ለእሳቸው ከአለማወቅ የባሰ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ደረሰኙን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። የአንድ ወር ጋራንቲ ነበረው፤ እሱም ሽፋኑ ከተከፈተ አይሠራም አለኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። «አይ ሰቨን አሉ፣ አይ ሰቨን ሰጠሁ። ምን ዋሸሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ በቃል አልዋሸም። ስወጣ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያገለገለ ኮር አይ5-8500 ከነሞኒተሩ በ40 ሺህ ብር ሲሸጥ አየሁ። 6 ኮር፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው። ስሙ አይ5 ስለሆነ እትዬ አልፈውት ነበር። እኔ ሰቨን ብያለሁና።

እናንተ ሻጮች፣ ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም። ግማሹ አገር የሚማረው በእሱ ነው። ግን ስቲከር መቀየር ምንድን ነው? ጀነሬሽኑን በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? እናታችሁን የሚመስሉ ሴት «እናቴ» ብላችሁ አስቀምጣችሁ እንዴት እጃችሁ ይታዘዛል?

እናንተ ሁለት ወጣቶች፣ ይህን ብታነቡት ሱቁንም ቀኑንም ታስታውሱታላችሁ። ከሻጩ ይልቅ በእናንተ ነው ያዘንኩት። እሱ እንጀራዬ ነው ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ? ዝምታ ወርቅ ነው ስንባል አድገናል። የዚያን ቀን ዝምታችሁ የአንዲት ሴት የዓመት ድካም ነበር። ጠብ አይጠበቅባችሁም ነበር። «ማዘር፣ ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ ይጠይቁ» ማለት በቂ ነው። ስንት ጊዜ እኛም እንዲህ ዝም ብለናል? በስልክ ሱቅ፣ በቴሌቪዥን ሱቅ፣ በሲሚንቶ ተራ። የሚታለል ሰው አይተን፣ እኛ ባለመታለላችን ኮርተን ወጥተናል።

እናንተ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ «በ40 ሺህ ምን ልግዛ» ሲል የምትስቁበት። «ራይዘን 9 ካልሆነ አትልፋ» የምትሉት። ያ ልጅ እናንተ ዘንድ መልስ ሲያጣ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ለእትዬ ነገርኳቸው። ልጁ አትንገራት ቢለኝም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ ምን ታረግ፣ ልጄ፣ በሥራ ላይ ነበርክ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን ግን ጠርተው ራሱን ደባበሱት። «ለምን ደበቅኸኝ?» አሉት። እሱ አቀርቅሮ ቀረ።

አዲስ እቁብ ገብተዋል። እኔም ግማሹን ዕጣ እጥላለሁ ብዬ ለምኜ፣ በስንት ጭቅጭቅ ተቀብለውኛል። መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ለትምህርቱ ያገለግላል፤ ዊንዶውስ 11ን አጥፍቼ ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩለት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዤ ዋጋ ለማየት ወደ መገናኛ ወጣን። አንድ ሱቅ ስንገባ ኮፍያ ያደረጉ አባት ከሻጩ ጋር ይነጋገራሉ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዴስክቶፕ፣ ሰማያዊ ስቲከር። «አይ ሰቨን ነው፣ አባቴ» ይላል ሻጩ። እኔ ገና አፌን ልከፍት ስል ልጁ ቀደመኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባባ፣ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው በሏቸው።»

ሻጩ አፈጠጠበት። «አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው። ልጁ አልመለሰለትም፤ አባትየውን ነው የሚያየው። ሰውየው ወደ ሻጩ ዞሩና ቀስ ብለው «ስንተኛ ነው?» አሉ። ሻጩ ዝም አለ። ደግመው ጠየቁት።

«ሦስተኛ» አለ።

አባትየው ብራቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው መለሱ። ኪሱን ከላይ በእጃቸው መታ መታ አደረጉና ወጡ። ቀጥሎ የትኛው ሱቅ እንደገቡ አላየንም።